ደም እንዳይረጋ

ስለ ደም መርጋት እኔ የማውቀውን ያህል የሚያውቅ የቤት ሠራተኛ ካርቱም ውስጥ ያለ አይመስለኝም። ፉከራ አይደለም፤ ባላውቅ ኖሮ ዛሬ ቢያንስ እንቅልፍ ይኖረኝ ነበር። መንሺያ ሰፈር አገለግላት የነበረችው ሴትዮ እግሯ ውስጥ ደም ረግቶባት ከሞት አፍ የተመለሰች ናት። ዐረቦቹ ይህን በሽታ ጀልጣ ይሉታል። ከሆስፒታል ስትወጣ ሐኪሟ ሁለት መድኃኒት አዘዘችላት፤ አንደኛው ደም የሚያቀጥን ኪኒን ነው፣ ሁለተኛው እኔ ነኝ። በየማለዳው ይዣት እንድወጣ፣ እሺ ካለች እየደገፍኩ፣ እምቢ ካለችም እየጎተትኩ እንዳስኬዳት ታዘዝኩ።

ሴትዮዋን ሐጃ እንላታለን። ያኔ ውጊያው ገና ከተማውን አላቃጠለውም፤ እኔም ከወሎ ከወጣሁ ስድስት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ሐጃ ሰፊ፣ ከባድ፣ ተረበኛ ሴት ናት። ዕድሜ ልኳን የሄደችው ከአልጋ ወደ ሶፋ፣ ከሶፋ ወደ መኪና ነው። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት አላህ አያሳያችሁ። በየሰዉ በር ላይ ቆማ የጎረቤቱን ጤና ትጠይቃለች። የሱዳን ሰላምታ ደግሞ እናት ደህና፣ አባት ደህና፣ ልጆቹ ደህና፣ ሥራው ደህና እየተባለ ፀሐይ ይወጣበታል። ብልጠቷ ቆይቶ ገባኝ፤ ሰላምታው የማረፊያ ሰበብ ነው። እኔም አልተሞኘሁም፣ በር ያለበትን መንገድ ትቼ በወንዙ ዳር ይዣት መሄድ ጀመርኩ። ወንዙ የኛው ዓባይ ነው። ወንዝ ሰላም አይባል፤ ሐጃ እያጉረመረመች መራመድ ግድ ሆነባት።

አቧራ የተሸከመው ንፋስ በሚነሳበት ቀን ደግሞ ከቤት አንወጣም፣ ግቢውን እንዞራለን። ሠላሳ ሦስት ዙር። አቆጣጠሩን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሐጃ ቁጥር ትሰርቀኝ ነበር፤ አሥራ አምስት ሳንሞላ ሃያ አምስት አለፍን ብላ ድርቅ ትላለች። ትንፋሼ አጠረ ትላለች፣ ደረቴን ወጋኝ ትላለች፣ የኒሙን ዛፍ ተደግፋ ሞትኩላችሁ ትላለች። ደንግጬ ውሃ ላመጣላት ስሮጥ፣ ስመለስ ወንበር ላይ ተደላድላ ትጠብቀኛለች። ስለዚህ ሙሰበሃዋን፣ የዚክር መቁጠሪያዋን፣ እጇ ላይ አስያዝኳት፤ በእያንዳንዱ ዙር አንድ ፍሬ። በሙሰበሃ አትዋሽም፣ አላህን ትፈራለች። ትንፋሽ አጠረኝ ስትልም ጆሮ አልሰጥ አልኩ፤ «ያላ፣ ሐጃ፣ ያላ» ማለት ብቻ። እያደር በልማድ ከኔ ፈጠነች።

ሐኪሟን ዶክቶራ ነው የምንላት። የሐጃ የእህቷ ልጅ ናት፤ ቤት ድረስ እየመጣች ደም ትቀዳና ውጤቱን ይዛ ትመለሳለች። ወጣት ናት፣ ሰው ማስረዳት ትወዳለች። አንድ ቀን በረንዳ ላይ ቁጭ ብለን፣ ይህ መራመድ ለደም ምን ያደርግለታል ብዬ ጠየቅኳት። ደም ውስጥ፣ አለችኝ፣ ቆዳ ሲቆረጥ ቁስሉን የሚደፍን ነገር አለ፤ እሱ ባይኖር ሽንኩርት ስትከትፊ የሳተሽ ቢላ ይገድልሽ ነበር። ሰው ቀኑን ሙሉ እግሩን ሳያንቀሳቅስ ሲቀመጥ ግን ይህ ደፋኝ ነገር ይበዛና ቁስል በሌለበት ይረጋል። በየቀኑ ልቡ ቶሎ ቶሎ እስኪመታ፣ ላብ ላብ እስኪለው የሚራመድ ሰው ደሙ ልኩን ያገኛል፤ የረጋም ካለ ሰውነቱ ራሱ ማሟሟት ይለምዳል። ይለምዳል የምትለውን ደጋግማ ነው ያለችው። በልማድ ነው እንጂ በአንድ ቀን አይደለም፤ ተቀምጦ የከረመን ሰው ድንገት አንስተሽ እስኪደክም ብታሯሩጪው ደሙ ጭራሽ ለመርጋት ይቸኩላል አለችኝ። ገባሽ? አለች። ገባኝ አልኩ። ወላሂ ገብቶኝ ነበር።

አሁን ደግሞ ስለ እጄ ልናገር፤ ጣጣው ያለው እዚያ ላይ ነውና። እናቴ ወጌሻ ናት። ወለም ያለው፣ ወገቡ የተያዘ፣ ጅማቱ የዞረበት ከሩቅ ቀዬ በቃሬዛ ይመጣላታል። እኔ የመጀመሪያ ልጇ ነኝና እጇን የወረስኩት እኔ ነኝ፤ የት እንደሚጫን፣ የት እንደሚለቀቅ፣ ቅቤው ምን ያህል እንደሚሞቅ በሰባት ዓመቴ አውቅ ነበር። ካርቱም ስመጣ ቅቤውን በሰሊጥ ዘይት ለወጥኩት እንጂ እጁ ያው ነው። ጁምዓ ከሰዓት የወሎ ሴቶች ሁሉ እኔ ክፍል ነበሩ። ምንጣፍ ሲያጥቡ የዋሉ፣ ጋዝ ሲሸከሙ ወገባቸው የተቀጨ፣ ልብስ ሲተኩሱ ክንዳቸው የደነዘዘ፣ ሁሉም ጎንበስ ብለው መጥተው ቀና ብለው ይሄዳሉ። በሰው አገር ሠራተኛ ነሽ፣ ስምሽን እንኳ አሳጥረው ነው የሚጠሩሽ። እዚያች ክፍል ውስጥ ግን ሰው ነበርኩ።

ታዲያ አንድ ጠዋት ሐጃ እግሬን ቆረጠመኝ ስትል ዘይቴን ይዤ እግሯ ስር ተቀመጥኩ። ዶክቶራ ስትገባ ገና መዳፌን እያሞቅኩ ነበር። ጠርሙሱን ከእጄ ነጠቀችኝ።

«ይህን እግር ማንም እንዳይነካው» አለች። «የረጋው ደም በማሸት ከተነቀለ ሳንባ ውስጥ ይገባል። ሰው ይገድላል።»

ይህን ያለችው በሐጃ ልጆች ፊት ነው። አንደኛዋ ወደ እጄ አይታ ፊቷን አጨፈገገች። እፍረቱ እስከ ጆሮዬ ጋለኝ። የእናቴን እጅ ነው ያዋረደችው ብዬ ስንት ቀን አኮረፍኳት፤ ሰላም ስትለኝ እንኳ በግማሽ አፌ ነበር የምመልሰው። የተናገረችውን አልረሳሁትም፣ ይህን እወቁልኝ። ለሐጃ ብቻ አድርጌ ነው ያስቀመጥኩት። የሐጃ እግር የሀብታም እግር ነው፣ ተቀምጦ የሚበላ ሰው በሽታ ነው፤ እኛ እንደ አህያ ስንለፋ የምንውል ሰዎች ደማችን ለመርጋት ጊዜ ከየት ያመጣል ብዬ ለራሴ ነገርኩት፣ ራሴም አመነኝ።

እህት ነበረችኝ። በዘጠኝ ዓመት ታንሰኛለች፤ አዝዬ ያሳደግኳት እኔ ነኝ። ካርቱም የመጣችው በኔ ጥሪ ነው። የመጀመሪያ ቤቷ ሦስት ፎቅ ነበር። መጥረጊያና ባልዲ ይዛ ደረጃ ስትወጣ ስትወርድ ውላ፣ ጁምዓ ስትመጣ እጇ ተሰነጣጥቆ፣ ጉልበቷ አብጦ ታለቅስብኝ ነበር። ሐጃን ለምኜ፣ ሐጃም ለዘመዶቿ ነግራ፣ ካፉሪ አንድ ቤት አገኘሁላት። ሥራው አልጋ ላይ የዋለች አሮጊት መጠበቅ ነው። ማጠብ የለ፣ መጥረግ የለ፤ አጠገቧ መቀመጥ ብቻ። ስነግራት አልቅሳ አቀፈችኝ። እኔም ለአገር ሰው ሁሉ አወራሁ፤ እህቴ ቁጭ ብላ ነው የምትበላው፣ እንጀራ ያገኘሁላት እንዲህ ያለ ነው እያልኩ።

አሮጊቷ አእምሮዋ ሸሽቷል። ብቻዬን ጥለውኝ ይሄዳሉ የሚል ፍርሃት አለባት። እህቴ ብድግ ባለች ቁጥር ስለምትጮህ፣ የሻሿን ጫፍ አሮጊቷ የእጇ አንጓ ላይ ጠምጥማ ትይዘዋለች። ከንጋት እስከ ምሽት እንዲህ ተያይዘው አንድ ፕላስቲክ ወንበርና አንድ አልጋ ላይ ይውላሉ። ሽንት ቤት ለመሄድ እንኳ እስክትተኛ ይጠበቃል። እህቴ ይህን የምትነግረኝ እየሳቀች ነው፤ ታስሬ ነው የማወራሽ፣ ቶሎ በይ ትለኛለች በስልክ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይላሉ፣ እኛንም እንዲሁ።

ካፉሪ ከወንዙ ወዲያ ማዶ ነው። ሐጃን ይዤ ስራመድ በአገጬ ወደዚያ እየጠቆምኩ እህቴ እዚያ ናት እላታለሁ። ምን ትሠራለች? አለችኝ አንድ ቀን፣ እያለከለከች። ትቀመጣለች አልኳት። ታድላ! አለች ሐጃ። አዎ ታድላ አልኩ እኔም፣ ከልቤ። እንግዲህ ይታያችሁ፣ በዚህ ዳር የሐጃ ደም እንዳይረጋ ላቤ ጠብ እስኪል እጎትታለሁ፤ በዚያ ዳር የገዛ እህቴን በእጄ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለኔ ነው።

ሰኞ ቀን ደወለችልኝ። የግራ ባቴ እያበጠ ነው አለችኝ። ሌሊቱን ሲጠዘጥዘኝ አደረ፣ ስነካው ይተኩሳል።

«እትዬ፣ ዶክቶራሽን ጠይቂልኝ» አለች።

ዶክቶራ በዚያ ሰዓት ሳሎን ውስጥ ነበረች። ሻይ እየጠጣች ነበር። ከኔ እስከ እሷ አሥር እርምጃ አይሞላም፣ የስኳሩን ዕቃ የያዝኩት እኔ ነኝ። ግን ኩርፊያዬ ገና አልወጣልኝም፤ ለእግር ቁርጥማት እሷን ልለምን? እጄን የናቀችውን? ደግሞ ለዚህ ሐኪም፣ አልኳት እህቴን። ብርድ ነው ወይ ጅማት ዞሮብሽ ነው፤ ጁምዓ ነይ፣ እኔ ምን ልሠራ ተቀምጬ። እሺ እትዬ አለች። ቃሌን የማትጠራጠር ልጅ ነበረች፤ ምነው ጠርጥራኝ በነበረ።

ከሰኞ እስከ ጁምዓ አራት ቀን አለ። አራቱንም ቀን ወንበሯ ላይ ዋለች። አራቱንም ቀን እኔ ሐጃን አራመድኩ።

ጁምዓ የሐጃ ቤተሰብ ከሶላት በኋላ ለምሳ ዘመድ ጋ ሄደ። እህቴ የመጣችው ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ላይ አውቶቡስ ቀይራ፣ በዚያ ግፊያ መሀል እያነከሰች፣ ከዋናው መንገድ ወዲህ ደግሞ በረክሻ፣ እኛ ባጃጅ በምንለው፣ ነው። አሮጊቷ እንዳትነቃባት ሻሿን ከራሷ አውልቃ አንጓዋ ላይ እንደታሰረ ትታላት፣ ሌላ ደርባ ነበር የወጣችው። ይህንንም እየሳቀች ነገረችኝ። ከዚያ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን አሳየችኝ።

አየሁት። አላየሁም ብዬ አልዋሽም። አንደኛው እግር እንደ ልማዱ ቀጭን ነው፤ ሌላኛው ከጉልበት በታች ተነፍቶ ቆዳው ያብለጨልጫል፣ መልኩም ጠቆር ብሏል። መዳፌን ሳሳርፍበት ግለቱ ተሰማኝ። የሐጃን እግር ያየ ሰው ይህን ሊስተው አይችልም። እሷ ራሷ እንኳ ጠረጠረች።

«የሐጃ ዓይነት አይሆንም?» አለችኝ።

ሳቅኩባት። ሐጃ ሰባ ዓመቷ ነው፣ አንቺ ሃያ ሦስት አልሞላሽም፤ ገና ከመቀመጥሽ የሀብታም በሽታ አማረሽ? አልኳት። እሷም ሳቀች። ዘይቴን አሞቅኩ።

እንዴት እንዳሸኋት መናገር እችላለሁ፣ እጄ አይረሳም። ከቁርጭምጭሚቷ ጀምሬ ወደ ላይ፣ በአውራ ጣቴ እየጫንኩ፣ ባቷ ላይ ስደርስ በጉልበቴ ሁሉ። ድንጋይ ነበር። እናቴ ድንጋይ የሆነ ሥጋ እስኪለሰልስ አይለቀቅም ትለኝ ስለነበር አልለቀቅኩም። እህቴ ሻሿን ነክሳ እንባዋ ይወርዳል፣ ተይኝ ግን አላለችም። ቆይቶ ቆይቶ ለሰለሰ። ከጣቴ ስር አንዳች ነገር ሲላላ ተሰማኝ፤ ደስ አለኝ። ሰው በዚያች ቅጽበት እንዴት ደስ ይለዋል? አየሽ አልኳት፣ ሐኪም ትያለሽ። እፎይ አለች።

እዚያ ላይ ብተዋት ምናለ። ግን አዋቂ አይደለሁ? የዶክቶራ ትምህርት ከላይ ጨመርኩበት። ሳምንቱን ሙሉ ተቀምጠሽ ደምሽ ሰንፏል፣ አሁን በእግርሽ ካልሄድሽበት ይመለሳል አልኳት። የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ላካክሰው ነው። በልማድ እንጂ በአንድ ቀን አይደለም የተባልኩትን እንዳልሰማ። የሐጃን ሙሰበሃ ከበረንዳው ሚስማር ላይ አውርጄ እጇ ላይ አስያዝኳትና ግቢውን መዞር ጀመርን፤ ሠላሳ ሦስት ዙር።

መጀመሪያ ጨዋታ ነበር። አሮጊቷ እንዴት እንደምትቆጣ እያስመሰለች ታስቀኛለች፤ እግሬ ቀለለኝ ብላኛለችም። አሥራ አራተኛው ላይ ዝግ አለች። ትንፋሽ አጠረኝ አለች። ይህን ቃል ስንት መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሐጃ በየቀኑ ትለው የለም ወይ? አለመልመድ ነው አልኳት። አሥራ ሰባተኛው ላይ ደረቴን ወጋኝ አለች። ይህንንም ሰምቼዋለሁ። አሥራ ዘጠነኛው ላይ የኒሙን ዛፍ ተደገፈች፣ ልክ ሐጃ የምትደገፍበት ቦታ ላይ፣ እጇ የሐጃ እጅ ያለሰለሰው ቅርፊት ላይ አረፈ።

«ያላ» አልኳት፣ በዐረብኛ፣ ለሐጃ እንደምለው። «ያላ፣ አታካብጂ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ልጅ ሆና እንስራ የሰበረች ቀን ነበር እንዲህ ያየችኝ፤ አጥፍቻለሁ፣ ግን አንቺ አለሽልኝ የሚል አስተያየት። አንዴ ሳለች፣ ከዚያ ግንዱን ተከትላ ወደ ታች ተንሸራተተች።

ያን ጊዜ ነው ለዶክቶራ የደወልኩት። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም። የሆነውን ስነግራት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ እግሯን አሽተሻታል? አዎ አልኩ። ከዚያ ወደ ሆስፒታሉ እንድሮጥ፣ እሷም እንደምትመጣ ነገረችኝ። ረክሻው ውስጥ ጭንቅላቷ ጭኔ ላይ ነበር። ከንፈሯ መልኩን ሲለውጥ አየሁ፤ ቢስሚላህ እያልኩ እጇን አሻለሁ፣ እጄ ከማሸት ሌላ ምን ያውቃል? ሙሰበሃው ጣቶቿ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። የሆስፒታሉ በር ላይ የተቀበለን ሰውዬ አንገቷን በጣቱ ነካ አድርጎ ፊቴን አየና ዓይኗን ከደነላት።

ዶክቶራ ደረሰች። ኮሪደሩ ላይ አጠገቤ ቁጭ ብላ፣ ባታሺያትም በራሱ ሊነቀል ይችል ነበር፣ እርግጠኛ መሆን አይቻልም አለችኝ። እሷ መልካም ሰው ናት፤ እኔን ለማቆየት ያለችው ነው። ቆይታ ግን ለምን ቀደም ብለሽ አልነገርሽኝም አለች፤ ሰኞ እኮ ቤት ነበርኩ፣ ኪኒን ነበር፣ መርፌ ነበር። ስላኮረፍኩሽ ነው ልበላት?

ያጠብኳት እኔ ነኝ። የወሎ ሴቶች አንቺ ተቀመጪ ብለው ለመኑኝ፣ እምቢ አልኩ። ውሃው ሲፈስባት የግራ እግሯ ላይ ጠብ ጠብ እያለ ይንሸራተት ነበር፤ ዘይቴ ገና አልለቀቀም። በሳሙና ደጋግሜ አጠብኩት። የሰሊጡ ሽታ አልለቅ ብሎ ከፈኑ ውስጥ አብሯት ገባ። እጄንም ያኔ ታጥቤዋለሁ፣ ዛሬም እታጠበዋለሁ።

ልብሷን ለማምጣት ካፉሪ ሄድኩ። የቤቱ ሰዎች አዝነው ተቀበሉኝ፤ ክፉ አልነበሩም፣ ክፉ ቢሆኑ የምረግመው አገኝ ነበር። አሮጊቷ ተኝታለች። የእህቴ ሻሽ አንጓዋ ላይ እንደተጠመጠመ ነው፤ ሊፈቱት ሲሞክሩ ትጮሃለች አሉኝ። ፕላስቲኩ ወንበር ላይ ሌላ ሐበሻ ልጅ ተቀምጣለች፣ ገና ለጋ፣ ከኋላ የመጣች። ሻሹን ውሰጂው አሉኝ። ይቅርላት አልኩ። ለልጅቷ ግን ጎንበስ ብዬ፣ እባክሽ ስትተኛልሽ ተነስተሽ ተራመጂ፣ በየቀኑ፣ እግርሽ ካበጠ ደግሞ ማንም እንዳይነካሽ አልኳት። እንደ እብድ አየችኝ። ሥራው ቀላል ነው እኮ አለች።

ሐጃ ሦስት ቀን ሐዘን ፈቀደችልኝ። በአራተኛው ጠዋት በሬን ስከፍት የመራመጃ ጫማዋን አድርጋ ቆማለች። ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ አለችኝ፣ ካልሄድን እኔም እሞታለሁ። እውነቷን ነው። ወጣን። ማዶውን ላለማየት ወንዙን ትቼ በቤቶቹ መንገድ ይዣት ሄድኩ፤ ሐጃም በየበሩ ስትቆም አላስቸኮልኳትም። ከርሞ ዶክቶራ የደም ውጤት ይዛ መጣች። እጅግ ቆንጆ ነው አለች፣ ከእንግዲህ ኪኒኑንም ልንቀንስ እንችላለን፤ ደሟ እንዲህ የተስተካከለው በመራመዱ ነው፣ በዚህች ልጅ ነው አለች። ሐጃ እልል አለች። የሐጃ ልጆች አቅፈው ሳሙኝ። አንደኛዋ ያቺ ፊቷን ያጨፈገገችው ናት፤ እጄን ይዛ ሳመችው።

ጁምዓ ሴቶቹ ወገባቸውን ይዘው መምጣታቸውን ቀጠሉ። በሩን አልከፍት አልኩ። ኮራች አሉ፣ በሐዘን ተጎዳች አሉ፣ ሲሰለቻቸው ቀሩ። ከዚያ ውጊያው መጣ። ሐጃን ልጆቿ ወደ ግብፅ ወሰዷት፤ እዚያም ሆና አሁንም ትራመዳለች ይሉኛል በስልክ። እኔ ወደ ገዳሪፍ ሸሸሁ፣ ሲበርድ ተመለስኩ። መንሺያ የቀረው ግድግዳ ነው። ኒሙንም ለማገዶ ቆርጠውታል። እዚህ ምን አስቀመጠሽ፣ አገርሽ አትገቢም ወይ የሚሉኝ አሉ። መቃብሩ እዚህ ነው እላቸዋለሁ። ግማሹ ነው እውነቱ። ሌላው ግማሽ እናቴ ናት።

እናቴ ልጇ ከሞተች በኋላ ስልክ መያዝ የቻለችው አርባዋ ካለፈ ወዲያ ነው። እስከዚያ ድንገት ታመመች ከሚል በቀር የነገርኳቸው የለም። ያን ቀን ግን ልጄን ምን ነካብኝ ብላ ራሷ ጠየቀችኝ። ለእናት እንዴት ይዋሻል? እግሯን አሟት ነበር አልኩ።

«እግር?» አለች። «አንቺ እያለሽ? አላሸሻትም እንዴ?»

«አሽቻታለሁ፣ እማ።»

«በደንብ?»

«በደንብ።»

ረጅም ትንፋሽ ወጣት። ብዙ ቀን ታፍኖ የቆየ ትንፋሽ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ» አለች። «እንግዲያማ የአላህ ነው። እኔን ያንገበገበኝ በሰው አገር እጅ ሳይነካት የሞተች መስሎኝ ነው። እጅሽን አላህ ይባርከው፣ ልጄ።»

አሚን አልኩ።